ህዳሴ ስላለ ባትሪ አያስፈልገንም ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን እዚህ ጎንደር ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ ያለ አንድ ጽሑፍ አለ። ስራዬ ሶላርና ኢንቨርተር (የባትሪን ሃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን ሃይል የሚቀይረውን ማሽን) መግጠም፣ የተበላሸውንም መጠገን ስለሆነ ብዙ ሰው እስቲ አንብበውና ምን ትላለህ እያለ ልኮልኛል። ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው እንዲህ ነው፦ ህዳሴን የሚያክል ግድብ የሰራ ሀገር ባትሪ አያስፈልገውም፣ ባትሪ በሁለት ዓመት ይሞታል፣ ዋጋው የሀብታም ነው፣ ይፈነዳል፣ ክረምት ላይ ፀሐይ ስለሌለ ባዶ ዕቃ ነው፣ የክትባት ፍሪጅ እንኳን መያዝ አይችልም፣ በባትሪ የሚኖር ሀገርም የለም፣ ሲሞት ደሞ መርዝ ነው። ጸሐፊውን አላውቃቸውም ግን ለከተማው የሚቆረቆሩ ሰው እንደሆኑ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፣ ስለዚህ በአክብሮት ነው የምመልሰው፣ ልክ ያሉበትንም ልክ ነው እላለሁ። ዝም ማለት ያልቻልኩት ጽሑፉን አንብበው ለጤና ጣቢያቸው ሊያስገጥሙት የነበረውን ነገር "ይቅርብን" ያሉ ሰዎች ስላጋጠሙኝ ነው።

ከግድቡ ልጀምር፣ ምክንያቱም የጽሑፉ ምሰሶ እሱ ነው። ህዳሴ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፣ ሁላችንም ከደሞዛችን ቆርጠን ያዋጣንበት ነው፣ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። እንዲያውም ጸሐፊው ያላነሱትን ልጨምርላቸው፣ ግድብ ራሱ የሃይል ማከማቻ ነው። ከፍታ ላይ የተያዘ ውሃ የተቀመጠ ሃይል ነው፣ 1 ሜትር ኩብ ውሃ ማለትም አምስት በርሜል ከ100 ሜትር ከፍታ ሲወርድ 0.27 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይወጣዋል፣ ህዳሴ ደሞ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል። እዚሁ አጠገባችን ያለው ጣናም ቢሆን ውሃው በዋሻ ወደ በለስ እየወረደ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን ጣቢያ ያንቀሳቅሳል። ይሄን የሚያክል ማከማቻ ያለው ሀገር ብዙ አይደለም፣ እሺ።

ግን ማራኪ ወይ አዘዞ ያለ ሰው መብራት የሚጠፋበት ግድቡ ውሃ ስላነሰው ነው እንዴ? አብዛኛውን ጊዜ አይደለም እኮ። ሃይሉ ከባሕር ዳር በ230 ኪሎ ቮልት መስመር ወደ ጎንደር ይመጣል፣ ያው መስመር ወደ ሸኸዲ አልፎ እስከ ሱዳን ይሄዳል፣ ከዛ በሰብስቴሽን ዝቅ ይልና በየሰፈሩ ይበተናል፣ ከዛ የሰፈር ትራንስፎርመር፣ ከዛ ቆጣሪያችን። ከዚህ ሁሉ መሀል አንድ ቦታ ፖል ከወደቀ ወይ ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ግድቡ ላይ ምንም ያህል ቢመነጭ እኛ ጋ አይደርስም።

የበዓል ዋዜማን ተመልከቱ። አንድ የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ነው የሚስበው፣ በአንድ ትራንስፎርመር ስር 50 ቤት ምጣዱን በአንድ ጊዜ ቢያስነሳ 150 ኪሎ ዋት ሆነ ማለት ነው፣ የሰፈር ትራንስፎርመር ደሞ ብዙ ጊዜ 100 ወይ 200 ወይ 315 ኪሎ ቮልት አምፔር ነው፣ ላዩ ላይ ፍሪጁ አለ ቲቪው አለ ካውያው አለ። መጀመሪያ አምፖሉ ይቀላል፣ ቀጥሎ ስታብላይዘሩ ጠቅ ጠቅ ማለት ይጀምራል፣ ከዛ ጭራሽ ይሄዳል። የጥምቀት ሰሞን እንግዳ ከተማውን ሲሞላው ፒያሳ ላይ ሆቴሎቹ በር ላይ ጀነሬተር ሲያጓራ የምንሰማው ኢትዮጵያ ሃይል ስላጣች ሳይሆን ሃይሉ የመጨረሻዋን አንድ ኪሎ ሜትር መሻገር ስላቃተው ነው።

ዋናው ነገሬ እዚህ ጋ ነው። ግድብ ሃይል የሚያከማቸው መስመሩ መነሻ ላይ ነው፣ ባትሪ የሚያከማቸው መድረሻው ላይ ነው። ሁለቱ አንድ ስራ ስለማይሰሩ አንዱ ስላለ ሌላው አያስፈልግም ማለት አይቻልም። ከሀገሩ ሕዝብ ግማሽ ገደማው ገና መብራት እንዳላገኘም አንርሳ፣ ጃናሞራ ወይ በለሳ ገደል ለገደል ፖል ተክሎ ለተራራቁ ጎጆዎች መስመር መዘርጋት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አካባቢውን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ እስከዛ ድረስ ፓኔልና ባትሪ ነው ያለው።

"በሁለት ዓመት ይሞታል" ወደሚለው ልምጣ። ጸሐፊው የራሳቸውን ቤት ምሳሌ ሰጥተዋል፣ የገዙት ባትሪ ሁለት ዓመት ሳይደፍን ሞተ ይላሉ፣ አምናቸዋለሁ። እንደዛ ዓይነት ባትሪ ጠረጴዛዬ ላይ ሁሌም ይመጣል። ስድስቱን ክዳን ሲከፍቱት ውሃው ከፕሌቱ፣ ማለትም ውስጡ ከተደረደረው የእርሳስ ዝርግ በታች ወርዶ፣ ፕሌቱ ላይ ነጭ ነገር ጋግሮበት ታገኙታላችሁ። ቻርጅ አድርጌው ቴስተር ስሰካበት 12.6 ቮልት ያሳያል፣ ባለቤቱ "ይኸው ደህና ነው እኮ" ይላል። ከዛ የመኪና የፊት መብራት አምፖል ላዩ ላይ አበራበታለሁ፣ ቁጥሩ አይናችን እያየ ይወርዳል፣ ደቂቃዎች ሳይቆይ ከ10 በታች ነው። ባትሪውን ዞር አድርጋችሁ ስታዩት ደሞ የመኪና ባትሪ ነው።

የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሳት የተሰራ ነው። ፕሌቱ ስስና ብዙ ነው፣ ለጥቂት ሰከንድ መቶዎች አምፔር ይሰጥና ሞተሩ ሲነሳ ዲናሞው ወዲያው ይሞላዋል፣ በዚህ ስራው ላይ ዓመታት ይቆያል። እኛ ቤት ግን ማታ ለአምስት ሰዓት ቀስ እያልን እስከታች እንጨርሰዋለን፣ መብራት እስኪመጣ ደሞ ባዶውን ያድራል፣ ያኔ ነው ነጩ ሰልፌት ፕሌቱ ላይ ደርቆ የሚቀረው፣ አንዴ ከደረቀ በኋላ ቻርጅ አይመልሰውም። የጉግስ ፈረስ ሞፈር ላይ ጠምዶ ፈረስ አይረባም እንደማለት ነው። ለዚህ ስራ ተብሎ የተሰራ ወፍራም ፕሌት ያለው፣ ዲፕ ሳይክል የሚባለው የእርሳስ ባትሪ አለ፣ እሱም ቢሆን ከግማሽ በታች ባይወርድ ነው የሚመረጠው።

በቁጥር እንየው። 12 ቮልት 100 አምፔር አወር የእርሳስ ባትሪ ላዩ ላይ ሲሰላ 1.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፣ ሳይጎዳ የሚሰጣችሁ ግን 0.6 ነው። አንድ መካከለኛ ቤት ባለ 9 ዋት አምፖል አምስት፣ ቲቪ 50 ዋት፣ ዋይፋይ 10፣ ስልክ 10 ቢሉት 115 ዋት ነው፣ በአምስት ሰዓት 0.575 ይሆናል። ማለትም ያቺን 0.6 በአንድ ማታ ጨረሳችኋት። በነጋታው ሳይሞላ ድጋሚ መብራት ከጠፋ ወደታችኛው ግማሽ ገባችሁ፣ መግደል የሚጀመረው እዛ ነው። አብዛኛው ርካሽ ኢንቨርተር ደሞ የሚያጠፋው ባትሪው 10.5 ቮልት ሲደርስ ነው፣ በትንሽ ጭነት ግማሽ የሚባለው ግን 12.1 አካባቢ ላይ ድሮ አልፏል! ሰውየው ኢንቨርተሩ ይጠብቅልኛል ብሎ ነው የሚተኛው፣ እሱ ግን ሙልጭ አድርጎ ያወጣዋል። ይሄን ለደንበኛ ሳይነግሩ መሸጥ ያናድደኛል፣ በግልጽ ነው የምለው።

ከ1859 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን የእርሳስ ባትሪ አይቶ ስለ ባትሪ በሙሉ መፍረድ ደሞ አይሆንም። ሊትየም ባትሪ በ1991 እ.ኤ.አ. ሶኒ ገበያ ካወጣው ጀምሮ ብዙ ዓይነት ሆኗል፣ ለቤትና ለጤና ጣቢያ የሚሆነው ሊትየም አይረን ፎስፌት ወይም ኤልኤፍፒ የሚባለው ነው። ይሄ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በጆን ጉዲናፍ ቤተ ሙከራ በ1990ዎቹ የተገኘ ነው፣ ሰውየው በ2019 ከዊቲንግሃምና ከዮሺኖ ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ሲሸለሙ 97 ዓመታቸው ነበር። ኤልኤፍፒ 12.8 ቮልት 100 አምፔር አወሩ 1.28 ኪሎ ዋት ሰዓት ሆኖ 1.1 ያህሉን ሳይሳሱ መጠቀም ይቻላል፣ ደህና ከሆነ 3,000 ጊዜና ከዛም በላይ ይሞላል ይፈሳል፣ በየቀኑ አንዴ ቢሰራ እንኳን ከስምንት ዓመት በላይ ነው። ውስጡ ቢኤምኤስ የሚባል ቦርድ አለ፣ ከልክ በታች ሲወርድ ራሱ ይቆርጣል።

የጎንደር አየር ለባትሪ ተስማሚ መሆኑንም ጸሐፊው ረስተውታል። ከ2,000 ሜትር በላይ ነን፣ ሙቀት ነው ባትሪን የሚያስረጀው፣ በእርሳስ ባትሪ ላይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል ነው ባለሙያው የሚለው። ስለዚህ ያው ባትሪ መተማ ቆርቆሮ ስር ከተቀመጠና እዚህ ጥላ ውስጥ ከተቀመጠ ዕድሜው አንድ አይሆንም። ሰሜን ተራሮች ላይ ጨነቅ አካባቢ ለሚገጥም ግን ተቃራኒው ይታሰብ፣ ኤልኤፍፒ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ መደረግ የለበትም፣ ሌሊት ውርጭ ሲመታው ያደረ ባትሪ ጠዋት ትንሽ እስኪሞቅ መጠበቅ አለበት።

ስትገዙ ደሞ አንሱት። ሚዛን አይዋሽም። 100 አምፔር አወር የእርሳስ ባትሪ ከሆነ 28 ወይ 30 ኪሎ ገደማ መሆን አለበት፣ 100 ተብሎ ተጽፎበት 18 ኪሎ ከመዘነ ውስጡ እርሳሱ የለም። ኤልኤፍፒው ግን ቀላል ነው፣ 10 ወይ 12 ኪሎ ቢሆን አትደንግጡ።

ዋጋውን በተመለከተ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። በዓለም ገበያ የሊትየም ባትሪ አማካይ ዋጋ በ2010 እ.ኤ.አ. ለ1 ኪሎ ዋት ሰዓት ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር፣ በ2024 እ.ኤ.አ. 115 ዶላር ደርሷል። እዚህ ጎንደር ሱቅ ውስጥ በዛ ዋጋ እንደማይገኝ አውቃለሁ፣ ትራንስፖርት አለ፣ መሀል ላይ የሚያተርፍ አለ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2016 በኋላ ዶላሩ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናያለን። ግን የሚነጻጸረው ከምን ጋር ነው? ትንሽ የቤንዚን ጀነሬተር 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ለማውጣት ቢያንስ ግማሽ ሊትር ገደማ ይፈጃል፣ ብዙዎቹ ከዛም በላይ። ቤንዚኑን በምን ዋጋ እንደምትገዙትና ለመግዛት ስንት ሰዓት እንደምትሰለፉ እናንተ አስሉት። ለማተሚያ ቤት፣ ለፋርማሲ፣ ለፀጉር ቤት ሂሳቡ ለባትሪ ነው የሚያደላው።

ለሁሉም ሰው ባትሪ ግዙ ግን አልልም፣ እንጀራዬ ቢሆንም። መብራት አልፎ አልፎ ለሁለት ሰዓት የሚጠፋበት ቤት ቻርጅ የሚደረግ አምፖልና ደህና ፓወር ባንክ ይበቃዋል። ምጣድ ደሞ በባትሪ አትሞክሩ፣ 3 ኪሎ ዋት ለሁለት ሰዓት 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፣ አምስት ስድስት ባትሪ ለአንድ ጋገራ ማለት ነው። ወፍጮ ቤትም እንደዛው፣ የሶስት ፌዝ ሞተር በባትሪ ማዞር ለጊዜው አያዋጣም፣ ፀሐይ ባለበት ሰዓት ከፓኔል በቀጥታ ማስፈጨቱ ይሻላል።

"ይፈነዳል" ለሚለው ብዙ አልቆይም። ጽሑፉ ካሊፎርኒያ ሞስ ላንዲንግ በጥር 2025 እ.ኤ.አ. የተነሳውን እሳት ያነሳል፣ እውነት ነው፣ ሰውም ከቤቱ እንዲወጣ ተደርጎ ነበር። ያ ግን ኒኬልና ኮባልት ያለበት ዓይነት ነው። ኤልኤፍፒ ሲግል በቀላሉ ኦክስጅን አይለቅም፣ ለዛ ነው አሁን ለማከማቻ በብዛት እሱ የሚመረጠው። አይቃጠልም አላልኩም፣ ፊውዝ ይኑረው፣ ልብስና ወረቀት አጠገቡ አይከመር፣ በእርግጫና በውድቀት የተጎዳ ባትሪ ቤት አይግባ። የእርሳሱ ደሞ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ስለሚለቅ አልጋ ስር አስቀምጦ አጠገቡ ሻማ ማብራት አደጋ ነው። ቤት ውስጥ በጀሪካን ቤንዚን እያስቀመጡ ጀነሬተር ጓዳ ውስጥ ማስነሳት ግን ከሁሉም የባሰ ነው፣ ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ ይዞ ሰው በእንቅልፉ ይገድላል።

ክረምቱ ላይ ጸሐፊው የሳቱት ትልቅ ነገር አለ፣ ባትሪ የግድ ከፀሐይ አይሞላም። መብራት ባለበት ሰዓት ከሶኬት ይሞላል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ፓኔሉ ቢደክም ሌሊት መብራት ሲመጣ ሞልቶ ያድራል። ፓኔሉም ቢሆን በደመና ይቀንሳል እንጂ አይሞትም፣ ገጠር ያለ ሰው ክረምቱን አስቦ ፓኔል ጨመር አድርጎ ከገጠመ መብራትና ስልክ አያጣም። ሌላው ደሞ ግድቦቻችን የሚሞሉት በክረምት ነው፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ውሃው እየቀነሰ ሲሄድ ደሞ ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐዩ የሚበረታው ያኔ ነው። ቀን ፀሐዩ የሰራው ያህል ውሃ ግድቡ ውስጥ ለማታ ይተርፋል። ጸሐፊው ሁለቱን ባላንጣ አድርገው ጻፏቸው እንጂ የተደጋገፉ ናቸው።

የክትባት ፍሪጁ ነገር ነው ከሁሉ ያሳዘነኝ፣ ምክንያቱም እሱን አንብበው ነው ያ ጤና ጣቢያ ሃሳቡን የቀየረው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሀል መቀመጥ አለበት፣ ባትሪ ላይ የተንጠለጠለ ፍሪጅ ባትሪው ሲሞት ክትባቱም አብሮ ይበላሻል የሚሉት በድሮው አሰራር ልክ ነው። አሁን ግን በቀጥታ ከፓኔል የሚሰራ የክትባት ፍሪጅ አለ፣ ባትሪ ጨርሶ የለውም። ቀን ፀሐይ ሲኖር በግድግዳው ውስጥ ያለውን ውሃ በረዶ ያደርገዋል፣ ማታና በደመና ቀን በረዶው ቅዝቃዜውን ይጠብቃል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለሚቀበለው ፍሪጅ ፀሐይ ባይኖር ቢያንስ ሶስት ቀን እንዲቆይ ይጠይቃል። ስለዚህ ለክትባቱ በረዶ፣ ለማዋለጃ ክፍሉ መብራትና ለኦክስጅን ማሽኑ ባትሪ፣ እንደዛ ነው የሚከፋፈለው። አዋላጅ ነርስ ስልኳን በጥርሷ ነክሳ እያበራች እናት የምታገላግልበት ሌሊት እንዲቀር ከተፈለገ ለማዋለጃ ክፍሉ 1 ኪሎ ዋት ሰዓት እንኳን ትልቅ ነገር ነው።

በባትሪ የሚኖር ሀገር የለም ለሚለውም፣ ሙሉ በሙሉ በባትሪ የሚኖር የለም፣ አያስፈልግምም። ግን ደቡብ አውስትራሊያ በ2016 እ.ኤ.አ. ግዛቱ በሙሉ ጨለማ ከወረሰው በኋላ በ2017 ሆርንስዴል ላይ 100 ሜጋ ዋት፣ 129 ሜጋ ዋት ሰዓት ባትሪ ተከለ። ካሊፎርኒያ በ2024 ከ10,000 ሜጋ ዋት አልፋለች፣ ቀን ከፀሐይ ሞልታ ማታ ሰው ቤቱ ሲገባ ታወጣዋለች። ሩቅ ነው ካላችሁ ደቡብ አፍሪካ ኬንሃርት 540 ሜጋ ዋት ሶላር ከ1,140 ሜጋ ዋት ሰዓት ባትሪ ጋር ተገጥሞ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ማታ 3፡30 150 ሜጋ ዋት እንዲሰጥ ነው የተዋዋለው። ማላዊ እንኳን ጎሎሞቲ ላይ በ2022 ለ20 ሜጋ ዋት ሶላሯ 10 ሜጋ ዋት ሰዓት ባትሪ አስገብታለች፣ ማላዊም እንደኛ በውሃ ሃይል የምትኖር ሀገር ነች።

የመጨረሻው "መርዝ ነው" የሚለው ነው፣ እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው፣ እንዲያውም አሳንሰው ነው የጻፉት። ኬንያ ሞምባሳ ዳር ኦዊኖ ኡሁሩ በሚባል ሰፈር አሮጌ ባትሪ እያቀለጠ እርሳስ የሚያወጣ ፋብሪካ ነበር፣ የሰፈሩ ልጆች ደም ውስጥ እርሳስ ተገኘ፣ ሰው ሞተ፣ ነዋሪው ተካሶ በ2020 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤት 1.3 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሳ ፈረደላቸው። እርሳስ የልጅን አእምሮ ነው የሚጎዳው፣ አንዴ ከገባ የጠፋው አይመለስም። እርሳስ በትክክለኛ ፋብሪካ ከቀለጠ ግን ተመልሶ ባትሪ ይሆናል፣ ችግሩ ጓሮ ውስጥ ከሰል ላይ የሚቀልጠውና መንገድ ላይ የሚደፋው አሲድ ነው። እዚህ ከተማ አሮጌ ባትሪ የሚገዙ ልጆች እንዲቀላቸው ብለው አሲዱን ቦይ ውስጥ ሲደፉት አይቻለሁ፣ ያ ቦይ ወደ ቀሃና ወደ አንገረብ ይወርዳል፣ ከዛ በመገጭ አድርጎ ጣና ነው የሚገባው። ለዚህም ነው እርሳስ የሌለበትን ኤልኤፍፒ የምመርጠው፣ እሱም ቢሆን ሲያረጅ ሜዳ ላይ አይጣልም። ባትሪ የምንሸጥ ሁሉ አሮጌውን አሲዱ ሳይደፋ እንዳለ የመረከብ ግዴታ ይኑርብን ተብሎ ከተማው ደንብ ቢያወጣ ቀድሜ የምፈርመው እኔ ነኝ፣ ጸሐፊውም በዚህ ላይ ቢጽፉ እኔ ራሴ ለሰው ሁሉ እልክላቸዋለሁ።